ሻይ በ92 ዲግሪ፦ ከየካ እስከ እንጦጦ የሚደረግ የቅምሻ ሙከራ

ለመሆኑ ሻይ ስንቀምስ የምንቀምሰው ምንድን ነው? ከአንባብያን ብዙዎቹ "ቅጠሉን ነዋ!" ብለው እንደሚመልሱ እንገምታለን። መልሱ ስህተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። በብርጭቋችን ውስጥ ያለው ሻይ የቅጠሉ፣ የውኃው፣ የሙቀቱ፣ የጊዜውና የዕቃው የጋራ ሥራ ነው። ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ ሲለወጥ ጣዕሙም አብሮ ይለወጣል። ይሁን እንጂ ሻዩ ሳይጥመን በሚቀርበት ጊዜ ሁልጊዜ የሚፈረድበት ቅጠሉ ብቻ ነው።

"የአገራችን ሻይ ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም፤ ሻይ ማለት ከውጭ የመጣው ነው" ሲባል በየቤቱ እንሰማለን። በሌላ ወገን ደግሞ "የእኛን የመሰለ ሻይ በዓለም የለም" ብለው የሚከራከሩ አሉ። ሁለቱም ወገኖች ፍርዳቸውን የሚሰጡት ሳይመዝኑና ሳይለኩ ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም ከፍርዱ ጀርባ የብዙ ሰዎች ድካም አለ። በኢሉባቦር ጎሬ አቅራቢያ በሚገኘው በጉመሮ የሻይ ተክል መልማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። በኋላም በከፋ፣ በቦንጋ አቅራቢያ፣ ሰፊው የውሽውሽ የሻይ እርሻ ተቋቋመ። በእነዚህ ቦታዎች ለጋውን ጫፍና ከሥሩ ያሉትን ሁለት ቅጠሎች በእጃቸው እየቀጠፉ የሚውሉ ሰዎች ሥራቸው በትክክል ሊመዘንላቸው ይገባል። ባልተመዘነ ቅምሻ መኮነንም ሆነ በአገር ፍቅር ብቻ ማወደስ ሳይንስ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ ከሾላ ገበያ ጥቂት ዓይነት ሻይ ቅጠል ገዝቶ፣ በቤቱ ባለው ዕቃ ብቻ፣ ሊያምኑት የሚገባ ፍርድ መስጠት የሚችልበትን መንገድ ማሳየት ነው። ለዚህም በመጀመሪያ ከምድጃው እንነሣ።

ውኃችን የሚፈላው ስንት ዲግሪ ላይ ነው?

"ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ዓረፍተ ነገሩ እውነት የሚሆነው ግን እንደ ጅቡቲና ሞምባሳ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። አንድ ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር እኩል በሚሆንበት ጊዜ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከራሳችን በላይ ያለው አየር ያነሰ ስለሆነ የሚጫነውም ግፊት ያንሳል፤ ውኃውም ገና ሙቀቱ ሳይበረታ መፍላት ይጀምራል።

ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው በመገናኛ አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ የሚጣድ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሽቅብ ወጥተን ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የእንጦጦ ጋራ ስንደርስ ደግሞ ነጥበ ፍሌቱ ወደ 90 ዲግሪ ይወርዳል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ይቀንሳል ብሎ መያዝ ይቻላል። በእንጦጦ የተተከሉት ቴሌስኮፖች ሰማዩን አጥርተው እንዲያዩ የሚረዳቸው የአየር መሳሳት፣ እዚያው ተራራ ላይ ለሚፈላ ሻይ ግን ሙቀት ይነሣዋል ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በየካ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ገብቶ 100 የሚያነብ ቴርሞሜትር ትክክለኛ ሳይሆን የተሳሳተ ነው። ቴርሞሜትራችንን ለመፈተን ከፈለግን የሚቀልጥ በረዶ በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ 0 ማንበቡን፣ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ደግሞ 92 አካባቢ ማንበቡን እንይ። ሁለተኛ፣ ውኃው አንዴ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ እሳቱን ማብዛት ሙቀቱን አይጨምረውም። የተጨመረው ጉልበት በሙሉ ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። ከ18 ዲግሪ ተነሥቶ 1 ሊትር ውኃ ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 310 ኪሎጁል ያህል ሲበቃ፣ ያንኑ ውኃ ተኖ እስኪያልቅ ለመቀቀል ግን 2,270 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። በከንቱ የሚንተከተክ በራድ የሚያቃጥለው ገንዘብ ነው። ሦስተኛ፣ ጨው ወይም ስኳር በመጨመር ነጥበ ፍሌቱን ከፍ አደርጋለሁ ማለት አያዋጣም። ነጥበ ፍሌቱን 1 ዲግሪ ለማሳደግ በሊትር ከ50 ግራም በላይ ጨው ይፈለጋልና፣ ሻዩ ከመሞቁ በፊት የማይጠጣ ይሆናል።

ቅጠሉ ውስጥ ምን ይከናወናል?

ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ ከሁለት የተለያዩ ተክሎች የሚገኙ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። ሁለቱም ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከተባለው አንድ የተክል ዝርያ የሚገኙ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ለጥቁር ሻይ ቅጠሉ ከጠወለገ በኋላ ይፈተጋል ወይም ይከተፋል። በዚህ ጊዜ በቅጠሉ ውስጥ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ፖሊፌኖሎችና ኢንዛይሞች ይገናኛሉ፤ ኦክሲጅንም ይጨመርባቸዋል። ውጤቱም ቀይ ቡናማ ቀለምና አፍ የሚይዝ ጣዕም ያላቸው አዳዲስ ውሕዶች ናቸው። አረንጓዴ ሻይ ግን እንደተቀጠፈ ብዙም ሳይቆይ ስለሚሞቅ ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን ሳይጀምሩ ይቆማሉ። በደጋው አገራችን እንደ ሻይ የሚጠጣው ጦስኝ በበኩሉ የሌላ ተክል ቅጠል ስለሆነ ከዚህ ውድድር ውጪ ነው።

ደረቁ ቅጠል ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ቅጠሉ ያብጣል፤ ካፊኑ፣ ቀለሙና መዓዛው ደግሞ ብዙ ካለበት ወደሌለበት እየተጓዙ ይወጣሉ። ይህ ጉዞ ዲፊዩዥን ይባላል። ሞሎኪዩሎቹ የሚጓዙበት ፍጥነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በውኃው ሙቀትና በውኃው ዝልግልግነት። ውኃ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ለተጓዡም መንገድ ይለቃል። ይህን በቀላል ስሌት ብንመለከተው፣ በ92 ዲግሪ ውኃ ውስጥ የሚደረግ ዲፊዩዥን በ100 ዲግሪ ከሚደረገው 10 ከመቶ ያህል ይዘገያል። በእንጦጦው 90 ዲግሪ ደግሞ መዘግየቱ ወደ 13 ከመቶ ይጠጋል። በቅጠሉ ሕዋሳት ግድግዳ ውስጥ ማለፍ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ከመጓዝ ይልቅ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ እውነተኛው መዘግየት ከዚህም ሊበልጥ ይችላል።

የቅጠሉ መጠን ከሙቀቱ የማያንስ ሚና አለው። አንድ ሞሎኪዩል ከቅጠሉ መሐል ተነሥቶ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ውፍረቱ በግማሽ የቀነሰ ቁራጭ ያለውን የሚለቀው በአንድ አራተኛው ጊዜ ነው። በአገራችን ገበያ በብዛት የሚገኘው ደቃቅ ጥቁር ሻይ በደቂቃዎች ውስጥ ውኃውን የሚያጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ ቅጠሉ ተጠቅልሎ የደረቀ ሻይ ግን ቀስ ብሎ ይፈታል። እንግዲህ ሁለቱን ለሦስት ለሦስት ደቂቃ ዘፍዝፎ "ይኼ ወፍራም ነው፤ ያኛው ውኃ ነው" ማለት ሯጮችን ከተለያየ መነሻ አስነሥቶ እንደማወዳደር ይቆጠራል።

ከተራራው የበለጠ ሙቀት የሚነጥቀን ኩባያ

እስካሁን ያነሣነው ከፍታ የሚነሣንን 8 ዲግሪ ነው። ከዚህ እጥፍ የሚሆን ሙቀት የሚወስድብን ሌላ ነገር ግን በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እርሱም ቀዝቃዛው ኩባያ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 200 ግራም የሚመዝን የሸክላ ኩባያ እንውሰድ። የክፍሉ ሙቀት 18 ዲግሪ ነው እንበል። በኩባያው ውስጥ 92 ዲግሪ የደረሰ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ እንጨምር። የውኃው ሙቀት የመያዝ አቅም በዲግሪ 0.63 ኪሎጁል፣ የኩባያው ደግሞ 0.18 ኪሎጁል ገደማ ነው። ወደ አየር የሚያመልጠውን ሙቀት ትተን፣ ውኃው የሰጠው ሙቀት ኩባያው ከተቀበለው ጋር እኩል ነው የሚለውን ሕግ ስንጠቀም፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ሙቀት ከ76 ዲግሪ በታች ሆኖ እናገኘዋለን። ቅጠሉ ገና ሥራውን ሳይጀምር 16 ዲግሪ ጠፋ ማለት ነው። በማለዳው የእንጦጦ ሥር ብርድ ደግሞ ኩባያው ከ18 ዲግሪም በታች ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኩባያውን አስቀድሞ በፈላ ውኃ ማለቅለቅ፣ ውኃውን መድፋት፣ ከዚያም ቅጠሉን ጨምሮ አዲስ የፈላ ውኃ ማፍሰስና ወዲያውኑ መክደን ነው።

በዚህ አጋጣሚ የእናቶቻችንን ልማድ እንደገና ብንመለከተው መልካም ነው። ሻይ ቅጠሉን በራዱ ውስጥ ጨምሮ ከውኃው ጋር እሳት ላይ ማቆየት፣ የሻይ ዐዋቂ ነን በሚሉ የውጭ ጸሐፊዎች ዘንድ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። በባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ምክሩ ልክ ሊሆን ይችላል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን በራዱ ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር በ92 ዲግሪ ያቆየዋል፤ ቀዝቃዛ ኩባያም አይዘርፈውም። ልማዱ ጉዳት የሚኖረው ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ ሲንተከተክ ነው። ያን ጊዜ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል፤ አፍ የሚይዘው ታኒን ግን እየበዛ ይሄዳል። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ስኳሩ የሚያስታርቁት ይህንን ነው። ቅመም ያለበት ሻይ ለመጠጣት ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ቅጠልን ለመመዘን ግን አያገለግልም፤ ዳኛው የሚሰማው የቅርንፉዱን ድምፅ ነውና።

የቀማሾች ሥርዓት

በዓለም ላይ ሻይ መቅመስ ሙያ ነው። ለሙያውም የተጻፈ ደረጃ አለ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣውና በ2019 ባሻሻለው 3103 በተባለው ደረጃ መሠረት፣ ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 2 ግራም ቅጠል ተመዝኖ፣ የፈላ ውኃ ተጨምሮበት፣ ተከድኖ ለ6 ደቂቃ ይቆያል። ብዙ ሰዎች ይህ የጣፋጭ ሻይ አዘገጃጀት ይመስላቸዋል። ዓላማው ግን ማጣፈጥ ሳይሆን ማመሳሰል ነው። የቅጠሉን ጥንካሬም ሆነ ጉድለት ፊት ለፊት የሚያወጣ፣ በየትኛውም ቦታ ሊደገም የሚችል አሠራር ነው።

ይህን ሥርዓት ወደ የካ ስናመጣው እንደሚከተለው ይሆናል። ለእያንዳንዱ የሻይ ዓይነት ተመሳሳይ ኩባያ እናዘጋጅ። ቅጠሉን በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን እንለካ። አንድ ማንኪያ ደቃቅ ሻይና አንድ ማንኪያ ተጠቅላይ ቅጠል ክብደታቸው አንድ አይደለም። በአቅራቢያችን ስስ ሚዛን ከሌለ፣ 30 ግራሙን በሱቅ ሚዛን አስመዝኖ በዓይን አሥር ቦታ እኩል መክፈል ከማንኪያ ይሻላል። ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 3 ግራም ይበቃል። ኩባያዎቹን እናሙቅ፤ ውኃውን ከአንድ በራድ ለሁሉም እናፍስስ፤ እንክደን፤ ሰዓት እንያዝ። በ6ኛው ደቂቃ ሁሉንም አጥልለን ሲበርዱ እንቅመስ፤ በጣም የሚያቃጥል ነገር ምላስን ያደነዝዛልና። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሻገር አፋችንን በውኃ እንጉመጥመጥ። ስኳር፣ ወተትም ሆነ ቅመም አይጨመር።

ስለ ውኃውም አንድ ቃል እንጨምር። በሻይ ላይ አልፎ አልፎ የሚንሳፈፈው ስስ ቅርፊት የቅጠሉ ቆሻሻ የሚመስላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ማይክል ስፓይሮና ባልደረቦቹ ያደረጉት ምርምር እንዳሳየው፣ ቅርፊቱ የሚፈጠረው በውኃው ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ባይካርቦኔት ከሻዩ ውሕዶችና ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲገናኙ ነው። ስለዚህ አንዱን ሻይ በቧንቧ ውኃ ሌላውን በታሸገ የማዕድን ውኃ አፍልቶ ማወዳደር ቅጠሎችን ሳይሆን ውኃዎችን ማወዳደር ይሆናል።

ስም ሳያዩ መፍረድ

ዕቃው፣ ውኃውና ጊዜው ቢስተካከሉም አንድ አድልዎ ይቀራል። እርሱም የራሳችን አእምሮ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ምላሱ የሚነግረውን ብቻ ሊሰማ አይችልም።

በስታቲስቲክስ ታሪክ እጅግ ከታወቁት ሙከራዎች አንዱ የተወለደው ከሻይ ኩባያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በእንግሊዝ በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሙሪየል ብሪስቶል የተባሉ የአልጌ ተመራማሪ፣ በኩባያው ውስጥ አስቀድሞ የገባው ወተቱ ይሁን ሻዩ ቀምሰው እንደሚያውቁ ተናገሩ። የሥራ ባልደረባቸው ሮናልድ ፊሸር ይህንን እንዴት መፈተን እንደሚቻል አሰቡ። በ1935 ባሳተሙት የሙከራ አነዳደፍ መጽሐፋቸው ሐሳቡን በ8 ኩባያዎች አስረዱት። አራቱ ወተት የቀደመባቸው፣ አራቱ ሻይ የቀደመባቸው ሆነው በዕጣ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ። ቀማሿ በግምት ብቻ ሁሉንም በትክክል የመለየት ዕድል ያላት ከ70 አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ከለየች "ገምታ ነው" ማለት ያስቸግራል።

በቤት ውስጥ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። ከሁለት የሻይ ዓይነቶች ሦስት ኩባያዎች ይቀርባሉ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው የተለየ። ኩባያዎቹን የሚያዘጋጀው ሰውና የሚቀምሰው ሰው የተለያዩ መሆን አለባቸው። ቀማሹ የተለየውን ያውጣ። በግምት የማግኘት ዕድሉ ከ3 አንድ ነው። ሙከራው 6 ጊዜ ተደግሞ 5 ወይም 6 ጊዜ ካገኘ ግን፣ ይህ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ729 በ13ቱ፣ ማለትም ከ2 ከመቶ ባነሰ ዕድል ነው። "የትኛው ይሻላል?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "ለመሆኑ ትለያቸዋለህ?" የሚለው መቅደም አለበት። መለየት ያልቻለ ሰው ማበላለጥም አይችልም።

በቅምሻችን ያየነው

በዚህ ሥርዓት የካ ባለው ቤታችን አራት ዓይነት ሻይ ቅጠል ቀምሰናል፤ የውሽውሽና የጉመሮ ጥቁር ሻይ፣ ትልቅ ቅጠል ያለው የሲሎን ጥቁር ሻይ፣ እንዲሁም የቻይና አረንጓዴ ሻይ። የአንድ ቤት ቅምሻ መሆኑ ሳይዘነጋ የታዘብነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የውሽውሹ ሻይ ቶሎ ይለቃል፤ ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው፤ በመጨረሻ ላይ አፍ ይይዛል። የጉመሮው ከእርሱ ብዙም አይርቅም፤ ማሸጊያው ሲሸሸግ ከቤተሰቡ መካከል ሁለቱን ያለ ጥርጥር የለየ አልነበረም። የሲሎኑ ሻይ በሦስተኛው ደቂቃ ገርጥቶና ሳስቶ ነበር። ስድስት ደቂቃ ሲሞላው ግን የአበባ የሚመስል መዓዛ አወጣ፤ ስምንት ደቂቃም አልበዛበትም። አረንጓዴው ሻይ በፈላ ውኃ መረረ። ውኃው ለጥቂት ጊዜ ቀዝቅዞ 75 ዲግሪ ሲደርስ ሲዘፈዘፍ ግን ለስላሳና ጣፋጭ ሆነ። እዚህ ላይ ቀዝቃዛው ኩባያ እንኳ ወዳጅ ሆኖ ተገኝቷል። ከፍታ የሁሉም ሻይ ጠላት አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉ የላቀውን ትምህርት የሰጠን ግን ሌላ ሙከራ ነው። አንዱን የውሽውሽ ቅጠል በሞቀና በቀዝቃዛ ኩባያ አዘጋጅተን ስሙ ሳይነገር ስናቀርብ፣ ቀማሾቹ ሁለት የተለያዩ ሻዮች ናቸው ብለው ፈረዱ። በቀዝቃዛው ኩባያ የተዘፈዘፈውንም "ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም" አሉት። ይህ በመግቢያችን ላይ በአገር ውስጥ ሻይ ላይ ሲሰጥ የሰማነው ፍርድ ነው፤ በዚህ ሙከራ ግን ጥፋቱ የኩባያው ነበር።

ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወጣም

አንባብያን ይህን ሙከራ ከፍ ወዳለ ቦታ ለመውሰድ ሊፈልጉ ይችላሉ። ለዚህ ሲባል በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል እሳት ማንደድ አያስፈልግም፤ ጫካውንም ለአደጋ ያጋልጣል። በቤታችን የፈላውን ውኃ 2 ዲግሪ እስኪቀንስ ጠብቀን ብንጠቀምበት የእንጦጦን ሻይ ባለንበት እናገኛለን። የሞምባሳን ሻይ ግን በዚህ ዘዴ ልናገኝ አንችልም። ክፍት በራድ በየካ ከ92 ዲግሪ አያልፍም። በምድጃችን ላይ ተራራ መውጣት ይቻላል፤ ወደ ባሕር መውረድ ግን አይቻልም።

ይህ የፊዚክስ ገደብ የገበያ ትርጉምም አለው። የምሥራቅ አፍሪካ ሻይ በጨረታ በሚሸጥባት በሞምባሳ ያሉ ቀማሾች ዋጋ የሚቆርጡት በባሕር ጠለል ላይ፣ ወደ 100 ዲግሪ በሚጠጋ ውኃ ቀምሰው ነው። ለእነርሱ የሚመቸው ቅጠል ለአዲስ አበባ ጠጪ የግድ የሚመች አይሆንም። ለደጋ ሕዝብ የሚሸጥ ሻይ በደጋ ውኃ ተቀምሶ ሊመረጥ፣ በማሸጊያውም ላይ የደጋ አዘገጃጀት ሊጻፍበት ይገባል እንላለን።

እስከዚያው ድረስ የሚዛኑ ጉዳይ በእጃችን ነው። አንድ ቴርሞሜትር፣ ሦስት ተመሳሳይ ኩባያዎች፣ ሰዓትና ስሙን የሚሸሽግልን አንድ ጓደኛ ይበቃናል። በመገናኛ፣ በኮተቤና በፈረንሳይ የምትኖሩ ተማሪዎች የየሰፈራችሁን ነጥበ ፍሌት ለክታችሁ፣ የሦስት ኩባያውን ሙከራ ስድስት ስድስት ጊዜ ደግማችሁ ውጤቱን ከነቁጥሩ ወደ ፋኩልቲያችን ብታመጡልን፣ ከአንድ ቤት ቅምሻ የተሻለ ማስረጃ በጋራ ይኖረናል።